ነዳጅ በአማች

ጥቅምት 4

ይድረስ ለአማቼ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ። መደወል እየቻልኩ ለምን እንደምጽፍ ታውቃለህ፤ ጆሮዬ ከጡረታ ወዲህ በስልክ የተባለውን ሳይሆን ደስ ያለውን ነው የሚሰማው። ችሎት ላይ ሳለሁ ጀምሮኝ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው በነፃ ይሰናበት ነበር።

መንገዱ እንዴት ነበር ብለህ ጠይቀሃል። መንገዱ ጥሩ ነው። በተለይ ከጡብ ፋብሪካው በላይ ያለውን አቀበት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜ ተመልክቼዋለሁና። መኪናዋም ግሩም ናት። ስትሸጥልኝ ድምፅ የላትም ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው፤ አቀበቱ ላይ ጭራሽ አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋን ልረከብ በጠዋቱ አውቶቡስ መጥቼ መኪና መሸጫ ግቢያችሁ ስደርስ አንተ የለህም፣ ልጄም የለችም። «ቶሎ» የምትሉት የግቢው ሠራተኛ «ሁለቱም ለሥራ ከከተማ ወጥተዋል» አለኝ። ቅጽል ስሙን በቀልድ እንዳወጣችሁለት ቁልፉን ሊያመጣ ሄዶ ሲቀር ገባኝ። በመጨረሻ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ በነጭ ቀለም አንድ ነገር ተጽፏል። ከውስጥ ሲያዩት የተገለበጠ ስለሆነ ወርጄ አነበብኩት፦ «ነዳጅ በአማች»።

አልደብቅህም፣ ልቤ ሞቀ። አማቼ ሳልጠይቀው ነዳጁን ችሎልኛል አልኩ። እርግጥ የነዳጅ ጌጁ መርፌ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። እኔ ግን ዕድሜዬን በጽሑፍ ማስረጃ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርፌውና ጽሑፉ ሲጋጩብኝ ጽሑፉን አመንኩ። ማደያው በር ላይ ስደርስ ነዳጅ ቀጂዎቹን በእጄ ሰላም ብዬ አለፍኩ።

አቀበቱ ላይ የደረሰልኝ ጡብ የጫነ መኪና ሹፌር ነው። ወርዶ መስታወቱን አነበበና «እና አማችዎ የት አሉ?» አለኝ። ከጄሪካኑ ቀዳልኝ፤ ዋጋውን ስሰጠው አልቀበልም ብሎ በምትኩ ምክር ጨመረልኝ። ምክሩ ከነዳጁ ይበዛ ነበር።

ስላዘጋጃችሁልኝ ክፍል፦ መኪናዋን ወስጄ መልስ እሰጣለሁ ብዬ ነበር። ልጄ ስትወልድ አጠገቧ እንድሆን፣ ከዚያም እናንተው ጋ እንድኖር መፈለጋችሁን አውቃለሁ። አልመጣም አላልኩም። ጥቂት ጊዜ ስጠኝ ነው ያልኩት። ይህን የነዳጅ ወሬ ደግሞ ለእሷ እንዳታነሳባት፤ ነፍሰ ጡር ሴት በአባቷና በባሏ መሃል ዳኛ ሆና ልትቀመጥ አይገባም። ሥራው አድካሚ መሆኑን ከእኔ ወዲያ የሚያውቅ የለም።

አማችህ


ጥቅምት 11

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ይህን ስጽፍ ቶሎ እግሬ ሥር የቀዳደድኩትን ወረቀት እየጠረገ ነው። ጽሑፍ የእርስዎ እንጂ የእኔ ሙያ አይደለም፤ እኔ መኪና ነው የምሸጠው፣ እሱንም እንደሚታየው በግማሽ።

በጣም ይቅርታ። እርስዎን በዚያ አቀበት ላይ ቆመው ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ። ነዳጅ ለምን አልነበራትም ቢሉ መልሱ አጭር ነው፤ ከእኛ ግቢ ነዳጅ ይዛ የምትወጣ መኪና የለችም። ደንቡ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ምክንያት ሲያቀርብ አያልቅበትም። አንደኛ፣ የመድን ሰዎች አዳራሽ ውስጥ የሚቆም መኪና ታንኩ ባዶ ይሁን፣ እሳት ይነሳል ይላሉ። ደግሞ ነዳጅ ያለበት መኪና ግቢ ውስጥ ካደረ ጠዋት የሚገኘው መኪናው ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ነዳጁን በጎማ ቱቦ ስቦ ይገላገለዋል። እኔ አንዴ ነገሩን ባነሳበት «ቤት የሚሸጥ ሰው ለገዢው እራት ያበላል?» ብሎ አፌን ዘጋው። እስከ ዛሬ መልስ እየፈለግኩለት ነው።

መስታወቱ ላይ የጻፈው ቶሎ ነው። በስልክ ነገርኩት፤ ከሰዓት በፊት እደርሳለሁ ብዬም ነበር። አልደረስኩም። እሱ የሰማትን ጻፈ፤ ፊደሉ እንኳ ያምራል፣ ታርጋ መጻፍ ይወዳል።

ልጅዎ ደህና ናት። ሥራ በዝቶባት ነው።

ክፍሉ ቀለም ተቀብቷል። ነጭ ይሁን ብላ ነበር፤ ቀቢው ነጭ ሲባል ትንሽ ቢጫ ካልጨመረ አይሆንለትም፤ እንደ ቅቤ ሆኗል። መስኮቱ ወደ ጓሮ ስለሚከፈት የመንገድ ጩኸት አይሰማም። ለመጻሕፍትዎ አንድ ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ አሠርቻለሁ፤ አናጺው «ሰውዬው ሱቅ ሊከፍቱ ነው?» ብሎኛል። እባክዎ ይምጡልን። እንዲህ እያልኩ እንደማልጎተጉትዎ ቃል ገብቼ ነበር፤ አሁን ጎተጎትኩ።

አክባሪዎ


ጥቅምት 20

ይድረስ ለአማቼ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ይቅርታህም አብሮ። መኪናዋ ደህና ናት፣ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች፤ የጎረቤት ድመት ጣራዋን ለመኝታ ስለመረጠች ከእንስሳቱ ወገን ቅሬታ የለም።

አንድ ነገር ግን ዘለሃል። «ነዳጅ በአማች» ስትል የትኛው አማች? ቋንቋችን ለዘመድ ሁሉ ስም ሲያድል ለእኔና ላንተ አንድ ብቻ ቆጥቦ ሰጠን። እኔ ላንተ አማች ነኝ፣ አንተም ለእኔ አማች ነህ። ለሰላምታ ይበቃል፤ ለንግድ ግን አይሆንም። እኔ ሳነበው «አንተ ሞልተኸዋል» ብዬ ተረዳሁ። ቶሎ ሲጽፈው «ሽማግሌው ይሞሉታል» ብሎ ተረዳ። አንተ ስትናገረው ምን ማለትህ ነበር? (ስለ ቃላት ካነሳን፣ «ባለቤቱ» ስትል የድርጅቱ ጌታ፣ «ባለቤቴ» ስትል ልጄ መሆኗ ገብቶኛል። የለያቸው አንድ ፊደል ነው፤ ስትጽፍ ብዕርህን ያዝ አድርግ።)

ስለ ዋናው ነገርም ብዙ ተከራክሬበታለሁ። ጎረቤቴ ፋርማሲስቱ ከባለቤቱ ወገን ነው። እኔ «ጫማ ሻጭ ክሩን አስሮ ነው የሚሸጥ» ስለው፣ እሱ «እኔ መርፌ ስሸጥ መድኃኒት እመርቃለሁ?» ይለኛል። «ብዕር ከነቀለሙ አይደለም እንዴ የሚገዛ?» ስለው፣ «ራዲዮስ ከነዜናው ነው?» ይላል። መድኃኒት ሊገዙ የመጡ ሰዎች ቆመው ያዳምጡን ነበር። አንዲት ክፉ ሳል የያዛት ሴትዮ «ኧረ እኚህ ሰውዬ እውነታቸውን ነው፣ ቢያንስ ከበር ያስወጣ እንጂ» ብላ ለእኔ ፈረደችልኝ፤ ፋርማሲስቱ ሽሮፑን ሲሰጣት ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

አሁን ቀልዱን ላቁምና የሚከብደኝን ልንገርህ። ነዳጅ መግዛት የማልችል ሰው አይደለሁም፤ አቀበት ላይ መቆምም አልገደለኝም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት ልገባ ነው። የሰው ቤት ሲገባ ቀስ በቀስ ሁሉም ነገር ከሌላ እጅ ይመጣል፤ መብራቱም፣ ሳሙናውም፣ ሲያመኝ ውሃውም። ዕቃውን ሰጥቶ ዕቃው የሚሄድበትን የሚሰስት እጅ ከሆነ፣ ክፍሉ የፈለገውን ያህል ቅቤ ቢመስል አልገባበትም። ልጄን ከሩቅ ብወዳት ይሻለኛል። ስለዚህ ጥያቄዬን በቅንነት መልስልኝ፤ መልሴን ለክፍሉም የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

አማችህ


ማክሰኞ ረፋድ፣ ጥቅምት 27

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለጥያቄዎ በቀጥታ ልመልስ። «አማች» ያልኩት እርስዎን ነው። ነዳጁን እርስዎ ይሞሉታል ማለቴ ነበር። ከከተማ ወጥቼ ስለነበር መልእክቱን በትክክል ሳላስተላልፍ ቀረሁ። ስስት ነው ቢሉኝ አልከራከርም፤ ንግድ ውስጥ የቆየ ሰው ሳያውቀው እጁ ይታጠፋል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። በእኔ ይቆጡ፤ የሚገባኝ ነው። ክፍሉን ግን በእኔ አይለኩት። ያንን ክፍል የመረጠችው እሷ ናት፤ ቀለሙንም መደርደሪያውንም ያዘዘችው እሷ ናት። ልጁ ሲመጣ አባቷ አጠገቧ እንዲሆን ከመፈለግ በስተቀር ከእኔ የጠየቀችው ነገር የለም። አልጋ ግዛልኝ አላለች፣ ሞግዚት ቅጠርልኝ አላለች። «አባዬ ይኑር» ብቻ ነው ያለችው። በእኔ ጥፋት ይህ ከቀረባት ምን ብዬ ፊቷን አየዋለሁ? ከመጡ በኋላ ከፈለጉ አያናግሩኝ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ በኮሪደሩ ስንተላለፍ ገለል እላለሁ።

ለፋርማሲስቱ የራዲዮዋን ክርክር አደንቃለሁ ይበሉልኝ። ለባለቤቱ ብነግረው ከደስታው የተነሳ ሥራ ይሰጠዋል።

ጋደም እንዳለች ሰላምታዋን ታቀርባለች።

አክባሪዎ


ኅዳር 3

ይድረስ ለአማቼ፣

የእምነት ቃልህ ደርሶኛል። አልተቀበልኩትም።

ለምን እንደሆነ ልዘርዝርልህ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ልሳለቅብህ አይደለም። ቀድሞ በጻፍከው «ከሰዓት በፊት እደርሳለሁ ብዬ ነበር» ብለሃል። አሁን ደግሞ ከከተማ ወጥቼ ነበር፣ እርስዎ እንዲሞሉት ነበር ትላለህ። እኔ እንድሞላው ከሆነ አንተ ምን ልታደርግ ከሰዓት በፊት ትደርሳለህ? ሰው ጌጅ ሊያይ ብቻ አገር አቋርጦ አይመጣም። ሁለተኛው፣ ይቅርታ አጠያየቅህ ነው። ስስታም ሰው ስስቱን እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር አያወጣም፤ እሱንም እየቆጠበ ነው የሚያወጣው። ባለቤቱ ምን ያህል ምክንያት እንዳለው አንተው ነግረኸኛል።

ሰው ራሱን ለማዳን ሲዋሽ ብዙ ሰምቻለሁ፤ የለመድኩት ስለሆነ ስሰማው እንቅልፌ ሁሉ ይመጣ ነበር። ራሱን ለማስወቀስ የሚዋሽ ሰው ሲቀርብ ግን መነጽሬን አስተካክላለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ከጀርባው የደበቀው ሌላ ሰው አለ።

ይህን አስቤ ደብዳቤህን ወደ መጨረሻው ስመለስበት «ጋደም እንዳለች» የምትል ቃል አገኘሁ። የጻፍከው ማክሰኞ ረፋድ ነው። ልጄ ማክሰኞ ቀን በሥራ ሰዓት ጋደም ብላ አታውቅም። ገና ተማሪ ሳለች ትኩሳት ይዟት እንኳ ቁማ ነበር የምታጠናው፤ ተኚ ያልናት እንደሆነ ግድግዳ ተደግፋ «ተኝቻለሁ» ትለን ነበር።

የነዳጁን ነገር ለጊዜው ትቼዋለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። መኪናዋን የወሰድኩ ዕለት ልጄ ምን ሆና ነበር?

ፈጥነህ መልስ። ፖስታ ቤቱን አላምነውምና በአውቶቡስ ሹፌሩ ላክልኝ።

አማችህ


ኅዳር 6

ለተከበሩ ጋሼ፣

ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ሳያነቡ ቁልፉን አንስተው እንዳይወጡ ነው። ልጁም ደህና ነው። አሁን ይቀመጡና ያንብቡኝ።

ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን ደም ታያት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ያዟዙራል፣ እሷ ፊቱን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ከዚያ የልብ ምቱ ተሰማ። ጋሼ፣ አዲስ ሞተር ሲነሳ ብዙ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ደስ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ትተኛ፣ አትነሳ ተባለ።

እርስዎ መንገድ ላይ እንደሆኑ ያኔ ነው ትዝ ያለን። ልንገራቸው አልኩ። እጄን ያዘችኝ። «ከሰማ መኪናውን ይዞ እየከነፈ ይመጣል፤ ወይም ሲመለስ ሃሳቡ እኔ ጋ ሆኖ ይነዳል። አዲስ መኪና ነው፣ መንገዱን አያውቀውም» አለች። ከዚያ እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ ለቶሎ ደወልኩ። «ሁለታችንም ለሥራ ወጥተናል በላቸው። መኪናዋን ግን እኔ እስክመጣ እንዳትለቃት፤ ነዳጅ በአማች ነው፤ እኔው እሞላታለሁ» አልኩት። አጠገቤ አልጋ እየገፉ ያልፉ ነበር፤ ስልኩ ይቆራረጥ ነበር። እሱ የሰማው መሃሏን ብቻ ነው። እኔም ከሰዓት በፊት ደርሼ እርስዎ ሳያዩኝ ሞልቼ ልመለስ ነበር። ሐኪሙ አለቀቀኝም።

አቀበቱ ላይ መቆምዎን የጻፉልኝ ዕለት እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ለመንኳት። «ይቆጣህ» አለችኝ፤ እንዲሁ በቀላሉ። «ፈርቶ ሌሊት ከሚነሳ ተቆጥቶ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል። አንተ ደግሞ ትችለዋለህ።» እችለዋለሁ ብዬ ነበር። ስስታም መባል ያልፋል ብዬ ነበር። «አልገባበትም» ያሉኝን ሳነብ ግን አልቻልኩትም፤ እኔው ልሞላት ነበር ብል ደግሞ ለምን ቀረህ ይሉኝ ነበር፤ ለዚያ ነው ቶሎ ብዬ ስስቱን ያመንኩት። ውሸቱን ያን ያህል ያበላሸሁት ግን አልመሰለኝም ነበር።

ሌላ ይቅርታም አለብኝ። እንዳልነግራት ያሉኝን ሁሉ ታውቃለች። የመጀመሪያውን ደብዳቤዎን በደረሰበት ዕለት አልጋዋ ላይ ከጣልኩት ካፖርቴ ኪስ ውስጥ አገኘችው። ስለ አቀበቱ የጻፉትን ደግመህ አንብብልኝ እያለች ትስቃለች፤ ሐኪሙ ሳቅ ቀንሺ ብሏታል። «ባለቤቱና ባለቤቴ» ያሉት ላይ ስትደርስ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ነው የሳቀችው።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ክፉው አልፏል፣ ትቀመጥ፣ ቤት ውስጥ ቀስ ብላ ትሂድ ብሏል። ከባድ ነገር እንዳታነሳ ብቻ ነው። አሁን ይህን ስጽፍ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ «በዝግታ ንዳ በለው» ትላለች። እንደሚመጡ ማን እንደነገራት አላውቅም። እኔ አልነገርኳትም፤ እኔም አላውቅምና።

አክባሪዎ


ኅዳር 9

ይድረስ ለአማቼ፣

ደብዳቤህን ተቀምጬ አነበብኩ። ከዚያ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ፋርማሲስቱ ሄጄ ስለ ምንም ነገር ሳልከራከር ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «አሞዎታል?» አለኝ። «አማቼ ዋሽቶኝ ነው» አልኩት። «ታዲያ ለምን ደስ አለዎት?» አለኝ። አስተዋይ ሰው ነው፤ በነዳጅ ጉዳይ ብቻ ነው የሚሳሳተው።

ልጄን እንዲህ በላት። አባትሽ ተቆጥቶም ፈርቶም አይደለም የሚነዳው፤ በዝግታ ነው። ሲነጋ እነሳለሁ፤ አቀበቱ ላይ ለአክብሮት እንኳ አልቆምም።

ቅድመ ሁኔታዎች አሉኝ። የራሴ የውጭ በር ቁልፍ ይኖረኛል። ማንም ሰው ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይጠይቀኝም። የጋዜጣውን መስቀለኛ ቃላት ከእኔ ቀድሞ የሚሞላ አይኖርም፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ይህ ችግር አለባት። በኮሪደር ስንተላለፍ ገለል እላለሁ ያልከውን ሰርዤዋለሁ።

ታንኩን ዛሬ እስከ አፉ አስሞላሁት። ነዳጅ ቀጂው የመስታወቱን ጽሑፍ አይቶ «ይጠረግልዎት?» አለኝ። ይቆይ፣ እውነት ሆኗል አልኩት።

አማችህ


ጥር 14

ይድረስ ለአማቼ፣ ወደቡ አጠገብ ወዳለው ሆቴል፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን የምልክልህ መኪኖቹን ሊያመጣ በሚመጣው በድርጅቱ ሹፌር ነው። ልጄ በስልክ ሁሉን እንደነገረችህ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለእኔ የላክሃቸውን ጥያቄዎች በወረቀት መመለስ አለብኝ፤ እዚህ ቤት ከመጣሁ ወዲህ መጻፊያ ምክንያት አጥቼ ነበር።

ልጅቷ ማንን ትመስላለች ብለሃል። ለጊዜው ማንንም አትመስልም። እናቷ አንተን ትመስላለች ትላለች፤ አዋላጇ እናቷን ትላለች፤ ቶሎ ሊጠይቅ መጥቶ ለረጅም ጊዜ አያትና «ባለቤቱን ትመስላለች» አለ። ሁላችንም ደነገጥን። ቆይቶ ነው ባለቤትህን ማለቱ እንደሆነ የገባን። ያን አንድ ፊደል ተጠንቀቅ ብዬህ ነበር።

ወደ ሐኪም ቤት ስለወሰድኳት ልጄ የነገረችህ ሁሉ እውነት አይደለም። ጫማዬን አገለባብጬ ማድረጌ እውነት ነው። መንገዱ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ መጠበቄም እውነት ነው፤ መብራቱ ቀይ ነበር። «አባዬ፣ ልወልድ ነው» አለችኝ። «ገብቶኛል፤ እሱ ግን አልገባውም» አልኳት፣ መብራቱን ማለቴ ነው። ምጥ ላይ ሆና ሳቀች። በኤሊ ፍጥነት ነዳ ያለችህን ግን እክዳለሁ። መርፌው ሙሉ ላይ ነበር፣ ልቤም ደህና ነበር፤ በሰላም ደረስን፤ ያንተ ልጅ ግን አንተን ሳትጠብቅ ቀጠሮዋን አሳጥራ መጣች። እዚያ ሆነህ ስለቀረህ ራስህን አትውቀስ። ከዚህ በፊት ኮሪደር ላይ ቆመህ የዋልከው ዕለት ተቆጥሮልሃል።

ስለ ባለቤቱም ጠይቀሃል። አዎ፣ ሄጄ አነጋገርኩት። ሙግት አልነበረም፤ ወንበር አቀረበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። እንደፈራኸውም «ቤት የሚሸጥ ሰው ለገዢው እራት ያበላል?» አለኝ። «እራት አልጠየቅንም» አልኩት። «እንግዳ ሲወጣ ጨለማ ከሆነ እስከ በሩ መብራት ይያዝለታል። ከበሩ ወዲያ የራሱ ጉዳይ ነው።» ሻዩን ረስቶ አሰበበት። የመድኑን ነገር አነሳ፤ ነዳጁ መኪናው ሲወጣ በሩ ላይ ይቀዳ አልኩት። በጎማ የሚስበውን ሰው አነሳ፤ በሩ ላይ የተቀዳ ነዳጅ ግቢው ውስጥ ስለማያድር ሰውየው ሥራ ይፈታል አልኩት። በመጨረሻ ተስማማን። ከእንግዲህ ከግቢያችሁ የምትወጣ መኪና ሁሉ ማደያው ድረስ የሚያደርሳት ነዳጅ ይሰጣታል። ከዚያ በላይ አንዲት ጠብታ አይጨምርም፤ ማደያው ድረስ የሚያስፈልገውንም እሱ ራሱ ነድቶ ይለካዋል።

ፋርማሲስቱ ይህን ሲሰማ ተሸነፉ ብሎ ጽፎልኛል፤ ሙሉ ታንክ ጠይቀው ትንሽ ጨለፍ ተደረገልዎ ይላል። እኔ ግን አስቤበት ትክክለኛው መጠን ይህ እንደሆነ አምኛለሁ። ሰው ከሰው የሚጠብቀው ራሱ ሊሠራው ወደሚችልበት ቦታ እንዲያደርሱት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ውለታ ይሆንና ይከብዳል። አንተ ያን ዕለት ያሰብከው ከዚያ በላይ ነበር። አልከበደኝም። ለምን እንዳልከበደኝ ጥቂት ቀን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ትቼዋለሁ።

ክፍሉ ጥሩ ነው። ቅቤነቱን ለምጄዋለሁ። መደርደሪያው ላይ አሁን ከመጻሕፍቱ አጠገብ የታጠፉ ጨርቆች ተደርድረዋል፤ ማን ፈቀደ ብዬ ብጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ። የልጅቷን ስም ያለ አንተ አናወጣም፤ እናቷ አሥር ያህል ስም ይዛ ትጠብቅሃለች፤ እኔም አንድ አለኝ፣ አልናገርም። መኪኖቹን ተረክበህ ስትመለስ አትክነፍ። ማንም የትም አይሄድብህም።

ብዙ ልጽፍልህ ነበር፤ አሁን ግን ከጎኔ ካለው ክፍል የሕፃኗ ድምፅ ተሰማ። ልጄ ገና መተኛቷ ነው፤ ከተነሳችብኝ ትቆጣኛለች። ልነሳ፤ ችሎቱ ተሰይሟል፣ ዳኛዋም ቀጠሮ አትሰጥም።

አማችህ